ማኅደረ ብርሃንና ደብረ ብርሃን

ከመምህሮቻችን አንዱ ለአጭር ሥልጠና ከሄዱበት ከጃፓን አገር ተመልሰው ያዩትን በአዳራሽ የነገሩን ዕለት ትዝ ይላችኋል። ቦታ አጥተው በመስኮት የሰሙም ነበሩ። እኛ ከፊት ስለ ተቀመጥን ደኅና አድርገን ሰምተናል፤ እጃችን እስኪቃጠል አጨብጭበናልም። ይህን የምንጽፈው ግን ስለ ጭብጨባው አይደለም፤ ከጭብጨባው በኋላ ስላደረግነው ነው። እኛ የምንለው ለማስተማር ልምምድ ወደ አንኮበር ወረዳ የተመደብነውን ስድስት ሠልጣኞች ነው፤ አራት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ብዕሩን የያዘው አንድ ሰው ቢሆንም ጥፋቱ የስድስታችን ስለ ሆነ «እኛ» እያልን እንቀጥላለን።

መምህራችን ወሬያቸውን የጀመሩት በጫማ ነው። ሁላችንም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ቶኪዮና ኦሳካን ስላገናኘው ፈጣን ባቡር እንሰማለን ብለን ጆሯችንን አቁመን ነበር። እርሳቸው ግን፣ «አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልንጎበኝ ሄድን፤ በሩ ላይ እንደ ደረስን ጫማችሁን አውልቁ ተባልን» አሉ። በመግቢያው ለእያንዳንዱ ተማሪ የጫማ ማስቀመጫ አለው፤ የውጭውን ጫማ አውልቆ የቤት ውስጡን ያጠልቃል። «እኔ ጫማዬን አውልቄ የምገባው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትምህርት ቤት እንዲህ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያውም የካልሲዬ ጣት ተቀዳ ኖሮ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቀጥለው ስለ ምሳ ነገሩን። ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ነጭ ልብስና ቆብ ያደርጉና ለጓደኞቻቸው ምግብ ያድላሉ፤ አስተማሪውም እዚያው ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ያንኑ ምግብ ይበላል። ምሳው ካለቀ በኋላ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ተማሪው ሁሉ መጥረጊያና እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይነሣል። አንዱ ወለሉን በጉልበቱ ተንበርክኮ ይወለውላል፣ አንዱ ደረጃውን ይጠርጋል፣ አንዱ ሰሌዳውን ያጸዳል። አስተማሪውም አብሮ ጎንበስ ይላል። ይህ ለሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል።

ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «የጽዳት ሠራተኛ የላቸውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችንም፣ «አጥተው አይደለም። ይኸም ትምህርት ነው ይላሉ፤ እንደ ሒሳብ፣ እንደ ሳይንስ» አሉ።

ሌላው የነገሩን ለእኛ ለወደፊት መምህራን ይበልጥ የሚቀርብ ነው። እዚያ አገር አንድ መምህር ሲያስተምር የሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ ከክፍሉ ኋላ ደብተር ይዘው ቆመው የሚያዩበት ቀን አለ። ትምህርቱ ሲያልቅ ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩት «አስተማሪው ደኅና ነው፣ ደካማ ነው» እየተባባሉ አይደለም። ያቺ በመስኮት በኩል የተቀመጠችው ልጅ ጥያቄውን በምን መንገድ አሰበችው? የት ላይ ተሳሳተች? ይባባላሉ። ጥቁር ሰሌዳውም ቢሆን አስቀድሞ ታስቦበት ነው የሚጻፈው። ከግራ ወደ ቀኝ እየተሞላ ይሄዳል እንጂ በየመካከሉ አይጠፋም፤ ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ የዕለቱ ትምህርት ከጥያቄው እስከ መልሱ በሰሌዳው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። እኛ ገምጋሚ በበር ብቅ ሲል ጠመኔ ከእጃችን የሚወድቀው ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንደ ተሰማን ለአንባቢ መተው ይሻላል።

ከአዳራሽ ከወጣን በኋላ ነገሩ በዚያ አላበቃም። መምህራችን ጃፓንን በተመለከተ ሁለት መጻሕፍት ፈልገን እንድናነብ አዝዘውን ነበር፤ ሁለቱንም በፎቶ ኮፒ አገኘናቸው። አንዱ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ሲሆን ሌላው የከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ነው። የገረመን መጀመሪያ የመጻሕፍቱ ይዘት አልነበረም፤ የጸሐፊዎቹ አገር ነው። ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ የተወለዱ ናቸው። ከበደ ሚካኤልም በ1909 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው። ኧረ ጉድ ነው! ስለ ፀሐይ መውጫ አገር ለአማርኛ አንባቢ ካወሩት ታላላቅ ሰዎች ሁለቱ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ከእኛው ደጋ የወጡ ናቸው። ይህን ሳናውቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስን።

ኅሩይ ወደ ጃፓን የሄዱት በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 መገባደጃ ላይ ነው። ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1923 ዓ.ም.፣ አገራችን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አውጥታ ነበር፤ ያን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ ለሞዴልነት ካዩዋቸው ሕጎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። እንግዲህ ኅሩይ የሄዱት ሕጉን ወስደን አገሩን ሳናየው አይሆንም በተባለበት ሰሞን ነው ማለት ይቻላል። በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ቶኪዮ ገቡ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ከሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ፋብሪካዎቹንም ጎበኙ። እንደ ተመለሱ ያዩትን ጽፈው በዚያው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙት። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል።

የመጽሐፉን ስም ስናይ አንዷ ጓደኛችን ቆም አለችና፣ «ማኅደረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን… አንድ ዓይነት ስም እኮ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ የብርሃን ማደሪያና የብርሃን ተራራ። ከተማችን ይህን ስም ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ ከታየው ብርሃን የተነሣ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ይሆናል ይላሉ። ታዲያ ያን ሌሊት በማደሪያችን ክርክሩ ደራ። ሁለት የብርሃን አገር ሆነን እነርሱ እንዲያ፣ እኛ እንዲህ የሆንነው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ ከበደ ሚካኤል መጽሐፋቸውን በ1946 ዓ.ም. ያወጡትም ይህ ጥያቄ እረፍት ነስቷቸው ይመስለናል።

በክርክሩ መካከል የተነሡ አንዳንድ ነገሮችን መተው አንፈልግም። ሁለቱም አገሮች በተቀራራቢ ዘመን ፖርቱጋሎችንና ሚሲዮናውያኑን አስወጥተው በራቸውን ዘግተዋል፤ እኛ ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ መጀመሪያ፣ ጃፓኖች በ1639። ጃፓን በሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1853 የአሜሪካው አዛዥ ፔሪ በጦር መርከብ መጥቶ ካንኳኳ በኋላ ነው። በ1868 መንግሥቱ ተለወጠ፤ በ1872 ደግሞ ባላባትም ሆነ ገበሬ፣ ወንድም ሆነ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት እንዲሰድ ታወጀ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ቶኪዮ ላይ ተከፈተ። ልብ በሉ፤ ባቡርና የመምህራን ማሠልጠኛ በአንድ ዓመት!

ታዲያ ሁሉም በእልልታ አልተቀበለውም። በ1873 በአንዳንድ አገር ገበሬዎች ተነሥተው ትምህርት ቤት አቃጥለዋል። ክፍያው ከበዳቸው፤ ለእርሻ የሚረዳቸው ልጅም ተወሰደባቸው። ይህን ስናነብ ደስ አለን ብንል አትታዘቡን። ጃፓኖች ከሰማይ የወረዱ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባን፤ የእነርሱም ገበሬ እንደ እኛ አባቶች «ከብቱን ማን ይጠብቅ?» ብሎ ጠይቋል።

ሁሉ ነገራቸው ብርሃን ነበር ማለታችንም አይደለም። ኅሩይ ቶኪዮ ከመግባታቸው ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 በወጣው የትምህርት አዋጅ ልጆቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲሉ መሞትን ጭምር ይማሩ ነበር፤ የዚያም ፍሬ በ1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ምን ሆኖ እንዳበቃ ይታወቃል። ለእኛም ቢሆን ወዳጅነቱ አልደረሰልንም። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ስትይዝ ጃፓን በ1936 ከኢጣልያ ጋር ተስማምታ ወረራውን አወቀች። ያንን ሁሉ ውዳሴ የጻፉት ኅሩይ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ። ስለዚህ አንድ ጓደኛችን፣ «መጥረጊያቸውን እንውሰድ፤ ሰይፋቸውን እንተውላቸው» ብሎ ክርክሩን ዘጋ። ሁላችንም ተስማማን። በአፍ መስማማት ምን ይከብዳል?

ወደ ልምምዱ እንግባ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ሰኞ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ ግን የመቶ ኪሎ ሜትር ነው። የገብሱ ማሳ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ቁንዲን አልፈን ወደ ጎረቤላ ስንወርድ ጉሙ ከታች ወደ ላይ መጣብንና ሾፌሩ መብራት አበራ። ከመካከላችን ሁለቱ ከዚህ ቀደም አንኮበርን አይተው የማያውቁ ነበሩ፤ ከተማ ሲጠብቁ ተዳፋት ላይ የተንጠለጠለ አገር አገኙ።

የተመደብንበት ትምህርት ቤት ስም እዚህ አይጻፍም። የድንጋይ ግንብ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከ60 በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ሁለት መጥረጊያ። አራተኛ ክፍልን ተረከብን። የክፍሉ መምህር በዕድሜ የገፉ፣ ጋቢ የማይለያቸው ሰው ናቸው። «እንግዲህ ልጆቼ፣ ዝምታ ካገኛችሁ ሁሉን አገኛችሁ» ብለው መከሩንና ከኋላ ተቀመጡ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በፍርሃት አሳለፍን። ሰሌዳውን እንደ ጃፓን ከግራ ወደ ቀኝ ሳናጠፋ ልንሞላው ሞከርን፤ ከግማሽ ሳንደርስ ሞላና አጠፋነው። ረቡዕ ዕለት ተራው የደረሰው ከእኛ አንዱ ስም ጥሪ ጨርሶ ትምህርቱን ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። አንድ ልጅ ነው፤ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሏል። ሰኞም አርፍዶ ነበር። ማክሰኞም። ክፍሉ በሙሉ እኛን ያያል፤ የክፍሉ መምህርም ከኋላ ያዩናል። ለምን እንዳረፈደ አልጠየቅነውም። «አንተ ዛሬ ትምህርት ሲያልቅ ክፍሉን ለብቻህ ትጠርጋለህ» አልነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሥርዓት ያስያዝን መስሎን ኮራን። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በመስኮት እያዩት ጠረገ። ማታ ስለ ዕለቱ ስንወያይ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈስንም። በጃፓን መጥረጊያ ያጨበጨብነው ሰዎች መጥረጊያውን በሦስተኛው ቀን ቅጣት አደረግነው፤ ይህም ለአንዳችንም አልታየንም። ለምን ብትሉ፣ እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው፤ ያረፈደ ይጠርጋል፣ ያወራ ይጠርጋል፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ሽንት ቤት ያጥባል። መጥረጊያ ስናይ ቅጣት ነው የሚታየን።

ሐሙስ ልጁ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወጣን። ከተማሪዎቻችን አንዲት ፍልቅልቅ ልጅ መንገዱን አሳየችን፤ እኛ አሥር ጊዜ ቆመን ስናርፍ እርሷ ዘፈን እያንጎራጎረች ትወጣለች። ከላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፤ ከጎኑ በቅርብ ዘመን የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ። ከዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲታይ ምድሩ ደረጃ በደረጃ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ መጨረሻው ጭጋግ ነው። በዚያ በኩል ነው የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በአልዩ አምባ አድርጎ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ ይዞ የመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከጓደኞቻችን ታሪክ ወዳዱ በጣቱ ቆጠረና፣ «ፔሪ ጃፓን ከመድረሱ በ12 ዓመት ይቀድማል! አንኮበር ፈረንጅን ቀድማ አይታለች» አለ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር እዚሁ ሥር ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ እንደ ነበረው ነገረን። ክርክሩ እንደገና ሊነሣ ነበር፤ ሣህለ ሥላሴ ከመድፉ ይልቅ መምህር ቢጠይቁ ኖሮ፣ ምኒልክ ከዚህ ወደ እንጦጦ ባይሄዱ ኖሮ፣ ሌላም ሌላም።

ያቺ ልጅ የምናወራው አልገባትም፤ ጣቷን ወደ ታች ዘርግታ፣ «ያውና የእነ መጥረጊያው ቤት» አለችን።

«መጥረጊያው ማነው?»

«ያ እናንተ ያስጠረጋችሁት ልጅ። ልጆቹ መጥረጊያው ብለው ስም አወጡለታ» አለች፤ ሳቀች።

ከገደሉ በታች ጭስ የሚወጣባት ጎጆ ትታያለች። ትምህርት ቤቱ ከዚህ፣ ጎጆዋ ከዚያ። ለመውረድ አንድ ሰዓት፣ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ይፈጃል አለችን። ስለ ሃሪስም ስለ ፔሪም የተናገረ ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ሰኞ ትምህርት ሲያልቅ ስድስታችንም መጥረጊያ ፈለግን፤ ሁለት ብቻ ስለ ነበረ አራታችን የባሕር ዛፍ ቅጠል አስረን ጎንበስ አልን። ልጆቹ ደነገጡ። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ አንዱ ትንሽ ልጅ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ቲቸር፣ ማን ቀጣዎት?» አለ። ምን ይመለስለታል? «ማንም አልቀጣኝም» ቢሉት አላመነም። የክፍሉ መምህርም በበር ቆመው፣ «በእኛ ጊዜ እንኳ አለንጋ ነበር፤ መጥረጊያ ምን አላት ብላችሁ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» አሉን። በክፋት አልነበረም፤ እኛን ለማጽናናት ነው።

ማታ ነገሩን ስናወራ ከሁለቱ ሴት ጓደኞቻችን አንዷ ተናደደች። «እናንተ አንድ ወንድ ልጅ ጠረገ ብላችሁ እንቅልፍ አጣችሁ። ሴቶቹ በየቀኑ ማንም ሳይቀጣቸው ሲጠርጉ አላያችሁም? ልጁን ያሳፈረው ማርፈዱ ሳይሆን የሴት ሥራ መሥራቱ ነው። ለሴቶቹስ ማን አዘነ?» አለች። እውነት ለመናገር አላየንም ነበር። ሳምንት ሙሉ የሚጠርጉት ሴቶቹ እንደ ነበሩ፣ ወንዶቹ ደውል ሲደወል ኳሳቸውን ይዘው እንደሚሮጡ በዓይናችን እያለፈ አላየነውም። ይህችኛዋን ነገር መምህራችን በአዳራሹ አልነገሩንም፤ እኛም ጃፓን ውስጥ ወንዱም ሴቱም እኩል መንበርከኩን ሰምተን አልፈነው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወደ ልጁ ቤት ወረድን። መውረዱ አንድ ሰዓት ነው የተባለው ለእነርሱ ነው፤ ለእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። አያቱ በር ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘናቸው። መምህራን መሆናችንን ስንነግራቸው ብድግ ብለው፣ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፣ ከነፋሱ ግቡ» አሉ። የልጁ እናት አራስ ናት፤ ከመጋረጃ ኋላ ሕፃን ያለቅሳል። አባትየው ለቀን ሥራ ደብረ ብርሃን ነው። ለእናቱም ለቤቱም ውኃ የሚቀዳው ልጁ ነው፤ ምንጩ ከቤታቸው በታች ስለ ሆነ ጎህ ሳይቀድ ወርዶ ይቀዳና ዳገቱን ይያያዘዋል። የማርፈዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ ረቡዕ ዕለት በበሩ ላይ እናገኘው ነበር።

ቆሎ ቆልተው፣ ቡና አፍልተው አቀረቡልን። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነገርናቸው። «ይቅርታ» ስንል ከአንገታችን ጎንበስ ብለን ነው፤ ይህ የአገራችን ደንብ እንጂ ከጃፓን የተማርነው አይደለም። አዛውንቷ ዝም ብለው ሲኒውን አጠቡ። ከዚያ፣ «መጥረጉንስ እቤትም ይጠርጋል፤ እናቱ ከተኛች ወዲህ ቤቱን ማን ይጠርጋል? ሰው ፊት መሆኑ ነው እንጂ» አሉን።

ልጁ ከብቶቹን ይዞ ሲመጣ አየንና ቆመ። ወደ ቤት አልገባም። ከግንቡ ኋላ ሆኖ ያየናል። አልጠራነውም፤ አያቱም አልጠሩትም። ስንወጣ ብቻ አንዱ ጓደኛችን፣ «ነገ ብታረፍድም ግባ፤ ስለ ውኃው ሰምተናል» አለው። ራሱን አልነቀነቀም።

ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ይህን የሚያነቡ ጓደኞቻችን ስለ አንድ ልጅ ይህን ያህል መጻፍ ምንድን ነው እንደሚሉ እናውቃለን። ነገሩ ወዲህ ነው። ከእኛ መካከል መምህር መሆንን አጥብቆ ፈልጎ የመጣ አንድ ሁለት ቢሆን ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተነው ከመቶው ግማሹን ነጥብ ያመጣው ሦስት ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን ፈተናው ያንገዋለለው ወጣት ብዙ ነው፤ ከዚህ ደጅ የቆምነውም ከዚያ መካከል ነን። «ምን ተማርክ?» ሲሉን «መምህርነት» ስንል ድምፃችን ዝቅ የሚለው በከንቱ አይደለም። ታዲያ አንድ ሰው እንዲህ ባለ ልብ ሆኖ ክፍል ሲገባ በእጁ ያለችው ሥልጣን ያቺ መጥረጊያ ብቻ ትሆናለች፤ ይመዛታል። እኛ ያን ረቡዕ የመዘዝናት ልጁ ስላረፈደ ብቻ አልነበረም፤ 60 ልጅና አንድ አዛውንት ሲያዩን ስለ ፈራን ነው። ይህን በግድግዳ ላይ መጻፍ ያሳፍራል። ሆኖም በመጪው ሴሚስተር ወደዚያው የሚሄዱ አሉና ቢያነቡት ይሻላል ብለናል።

ሐሙስ ልጁ መጣ። አርፍዶ ነው የመጣው። በሩ ተንኳኳ፤ ተራው የደረሳት ጓደኛችን፣ «ግባ፣ አምስተኛው መሥመር ላይ ነን» ብላ ማስተማሯን ቀጠለች። ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ። አንዱ ልጅ «መጥረጊያው!» ሲል ሰማን፤ ሌላው ሳቀ፤ የቀሩት ግን አላጀቡትም።

ከሰዓት በኋላ ከጎረቤላ ገበያ በገዛናቸው ሦስት መጥረጊያዎች መጥረግ ጀመርን። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሊያግዙን ሲነሡ «እናንተ ዛሬ ቁጭ በሉ» አልናቸው፤ ተቆጡን፤ መቀመጥ ቅጣት መሰላቸው። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ኳሱን የያዘው ልጅ ኳሱን በብብቱ እንዳደረገ አንዱን መጥረጊያ አነሣና በአንድ እጁ አቧራውን ወደ በሩ ገፋ፤ ይበልጥ አቦነነው እንጂ አልጠረገውም። አስነጠሱ፣ ሳቁ፣ ሌሎችም መጡ። የክፍሉ መምህር ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ውኃ ርጩበት እንጂ፣ ልታሳውሩን ነው!» ብለው ጮኹ። ይህንንስ እንደ ጃፓኖች አላሰብንበትም ነበር።

ያ ልጅ አልጠረገም። በሩ አጠገብ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቆሞ አየን። መንገዱ ሩቅ ነውና ይሄዳል ስንል አልሄደም።

ዓርብ ዕለት ዕቃችንን ጭነን ለመሄድ ስንሰናበት፣ ተማሪው ሁሉ ከበበን። ልጁ ከኋላ ሆኖ መንገድ እየጣሰ መጣና ከሁላችን መካከል ያን ረቡዕ ያስጠረገውን ጓደኛችንን መርጦ ፊቱ ቆመ።

«ነገም ትጠርጋላችሁ?» አለው።

«ነገ ቅዳሜ ነው።»

«ሰኞስ?»

መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ሰኞ እኛ ደብረ ብርሃን ነን።